አጥሩን ተወው፣ በረቱን ቁጠር

ከሐረር፣ ከሸንኮር አንድ ወንድም ጽፎልኛል። በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው የመጀመሪያው ጁራሲክ ወርልድ ኢቮሉሽን፣ የዳይኖሰር ፓርክ በምታስተዳድርበት ጌም፣ በፒኤስ 4 ነው የሚጫወተው። «ትራይሴራቶፕሱ አጥር እየሰበረ ይወጣብኛል። ሦስት ጊዜ አስተኝቼ መለስኩት፣ ሦስቴም ወጣ። ማዕበል የለም፣ የፓርኩ መብራትም አልጠፋም። አጥሩን ወደ ከባዱ ኤሌክትሪክ ቀየርኩት። የአጎቴ ልጅ ዛፍ ሞላለት። ብቸኝነት ይሆናል ብዬ ሌላ ትራይሴራቶፕስ ጨመርኩ፣ ባሰበት። ሄሊኮፕተሩን ስነዳ ደግሞ የማስተኛው መርፌ ስቶ ይሄዳል፤ እጄ ነው ጆይስቲኩ?» ይላል።

አቦ፣ መልእክትህን አንብቤ ሳልጨርስ «አጥሩ አይደለም» አልኩ። እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ጌም ቤት ከመክፈቴ በፊት የቤት ኤሌክትሪክ ነበር የምሠራው። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር ወፍራም ሽቦ የሚያስርበት ሰው ስንቱን አይቻለሁ! ፊውዙ ያለጥፋቱ ይቀየራል፣ ጥፋቱ ያለበት ምጣድ እዚያው ተሰክቶ ይቀራል። አንተም በአጥሩ ያደረግከው ይህንኑ ነው። የናንተ የጁገል ግንብ እኮ ለጅብ መግቢያ ቀዳዳ አለው፤ ጅቡ ግንቡን ሲገፋ አይተህ ታውቃለህ?

ምክንያቱ ላይ ከመድረሳችን በፊት ግን፣ እንስሳው አሁን ውጭ ከሆነ የጎብኚዎቹን መጠለያዎች ክፈት። ሌላ ምንም ከመንካትህ በፊት። «ሳር በል ነው፣ ሰው አይበላም» እንደምትል አውቃለሁ፤ ጌም ቤቴ የሚመጡት ልጆች ሁሉ እንደዚያ ይላሉ። በላክልኝ ፎቶ ላይ ግን በረቱ ከሴራቶሳውረሱ በረት ጋር አንድ አጥር ይጋራል። የተቆጣ ትራይሴራቶፕስ ያንን የጋራ አጥር የመታ ቀን የሚወጣው ሥጋ በል ነው፣ እሱ ደግሞ ሰው ይበላል። መጠለያ ተከፍቶ እያለ ሱቆቹ አይሸጡም፣ ገቢህ ይወርዳል። ይውረድ። ሰው የተበላበት ፓርክ ከዚያ በላይ ያስከፍልሃል።

ከዚያ የኤሲዩውን፣ ያመለጠ እንስሳ የሚይዘውን ቡድን፣ ሄሊኮፕተር ላክና አስተኛው። ከተኛ በኋላ ሬንጀሮቹን፣ በጂፕ የሚዞሩትን የፓርክ ጠባቂዎች፣ ወደተሰበረው አጥር ላካቸው፤ ቀድመህ ከላክሃቸውና ያመለጠው ትልቅ ሥጋ በል ከሆነ ጂፑን ይገለብጥልሃል። አጥሩ ተጠግኖ ሳያልቅ እንስሳውን አትመልስ። ይህንን የምለው በሁለተኛው ማምለጥ ላይ ተኝቶ ሳለ በቀዳዳው አጠገብ አስቀምጠኸው እንደነበር ስለጻፍክልኝ ነው። መጠለያውንም ሁሉም ነገር በቦታው እስኪሆን አትዝጋ።

አሁን ወደ ምጣዱ። የሚወጣው አንድ ዝርያ ብቻ ነው። ሌሎቹ ዳይኖሰሮች፣ ኤድሞንቶሳውረሶቹና ስትሩቲዮሚመሶቹ፣ እዚያው በረት ውስጥ ቁጭ ብለው ያዩታል። የሚወጣውም ሁልጊዜ አዲስ እንስሳ ከለቀቅክ በኋላ ነው። ይህ በረት ሞልቷል ማለት ነው። እንስሳውን ተጫንና ምቾቱ የሚታይበትን መስኮት ክፈት። ሳር፣ ደን፣ ሶሻል፣ ፖፑሌሽን የሚሉ መስመሮች ታያለህ። እኔ ሳልደርስ እወራረዳለሁ፣ ፖፑሌሽኑ ከመስመሩ አልፏል።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ሶሻል የሚቆጥረው የራሱን ዘር ብቻ ነው። ፖፑሌሽን ግን በረቱ ውስጥ ያለውን ዳይኖሰር ሁሉ ይቆጥራል፣ የራሱን ዘርም ጨምሮ። በርጫ ላይ ነህ እንበል። ጓደኞችህ ከሌሉ ግድግዳ እያየህ ብቻህን አይሆንልህም፣ ሦስት አራት የልብ ሰው ያስፈልግሃል። ይሄ ሶሻል ነው። ጓደኞችህ መጡ፣ ጨዋታው ደራ። ከዚያ የባለቤቱ የአክስት ልጅ ከነጓደኞቹ መጣ። ከጅጅጋ እንግዳ መጣ። አንዱ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ «ለአምስት ደቂቃ ነው» ብሎ ገባ። ትራሱ አለቀ፣ ጉልበት ከጉልበት ተጋጨ። ማንም አልሰደበህም፣ ጫትህንም የነካ የለም፤ ጓደኞችህም እዚያው አጠገብህ ናቸው። አንተ ግን ጫማህን መፈለግ ጀምረሃል። ይሄ ፖፑሌሽን ነው። ከጎንህ ያለው ደግሞ የቤቱ መሙላት ጭራሽ አልታየውም፤ ሃያ ሰው መሃል ተጋድሞ ያወራል። ኤድሞንቶሳውረስህ ያ ሰው ነው። የእያንዳንዱ ዝርያ የመታገሻ ልክ የተለያየ ስለሆነ፣ ቀድሞ በር የሚሰብረው ሁልጊዜ ልኩ ዝቅ ያለው ነው። እና አሁን ባለቤቱ ፊትህ መጥቆሩን አይቶ «ብቸኝነት ተሰምቶት ነው» ብሎ ሁለት ሰው ተጨማሪ ቢጠራልህስ? ያንተ ሁለተኛ ትራይሴራቶፕስ ይኸው ነው። ሶሻሉን ነካ አድርጎ ፖፑሌሽኑን ገፋው።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ ምሳሌዬ ያነክሳል። ሰፊ ሳሎን ለበርጫ ይረዳል፤ በረት ማስፋት ግን ለዚህ አይረዳም። ጌሙ ለፖፑሌሽን የሚቆጥረው ራስ እንጂ ካሬ ሜትር አይደለም። ማስፋት የሚጠቅመው ሳርና ደን ሲያንስ ነው።

ስለዚህ በረቱን ለሁለት ክፈል፣ ወይም ከስትሩቲዮሚመሶቹ የተወሰኑትን አስተኝተህ ወደ ሌላ በረት አዛውር፣ ቦታ ከሌለህ ሽጣቸው። እያንዳንዱን ካወጣህ በኋላ የትራይሴራቶፕሱን መስኮት እያየህ ቀጥል፤ መስመሩ ከልኩ ውስጥ ሲገባ አቁም። ሁለተኛውን ትራይሴራቶፕስ አታውጣው፣ ሶሻሉን ታፈርስበታለህ። ሥራው እስኪያልቅ መጠለያው ክፍት ይሁን፤ እንስሳ ስታዛውር የምትሠራው ስህተት ሌላ ጊዜ ከምትሠራው ይበዛል።

የአጎትህ ልጅ የሠራው ጥገና ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። ዛፍ ሲበዛ እንስሳ ይደሰታል ብሎ አስቧል። ዛፉ የበቀለበት መሬት ግን ከሳሩ ላይ የተወሰደ ነው፤ ደን ጨመርክ ማለት ሳር ቀነስክ ማለት ነው። በፎቶው ላይ የማየው በረት ጫካ ሆኗል፣ እንስሳው ውስጡ አይታይም። ፖፑሌሽኑን ብታስተካክለው እንኳ ሳሩ ቀይ ከሆነ ምቾቱ እንደገና ይወርድና አጥር መግጨት ይጀምራል። ዛፉን ከመሃል ንቀል፣ ዳር ዳሩን ተው፣ የሳር መስመሩ ልኩን ሲነካ አቁም። ሌላ ሰው የነካውን ሥራ መጠገን ከአዲስ ሥራ ይከብዳል፤ ይሄንን ሃያ ዓመት ስናገር ኖሬያለሁ፣ የሚሰማኝ የለም።

የከባዱን የኤሌክትሪክ አጥር ገንዘብ ረስተው፣ ወጥቷል። ማዕበል ሲመጣ ይጠቅምሃል።

መርፌው ስለሚስተው፣ እጅህ አይደለም። ጆይስቲኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ ማንም ሳይነካው የስክሪኑ እይታ እየተንሸራተተ ከሄደ ዱላው ሥር ያሉት ሁለት ትናንሽ ተለዋዋጭ ሬዚስተሮች አልቀዋል፣ ወይም አቧራ ገብቶባቸዋል። ኦሪጅናል ያልሆነ ነው ብለሃል፤ ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ከውጭ ሳየው ኦሪጅናል የሚመስለውን አንዱን ከፍቼ ነበር፣ የውስጡ ካርቦን በሁለት ወር ተፍቆ ነጭ ሆኗል። ብሎኑን ፍታና የኮንታክት ማጽጃ ንፋበት፣ ዱላውን ዙሪያውን ደጋግመህ አዙር፣ እስኪደርቅ ጠብቅ። ካልተሻለው ሙሉው የዱላ ክፍል በብየዳ ይቀየራል፤ ብየዳ የማትችል ከሆነ ቦርዱን አትጀምረው። እስከዚያ ግን ሄሊኮፕተሩን ራስህ አትንዳ። ቡድኑን ምረጥ፣ እንስሳውን እንደ ሥራ ስጠው፣ እነሱ ይመቱልሃል። መጠለያው ከተከፈተ በኋላ፣ ይገባሃል።

ማስቀየር ከፈለግክ ከሐረር ወደ ድሬ በሚወርድ ሚኒባስ ላክልኝ። ጆይስቲኩን ብቻ። ባለፈው አንዱ ማሽኑን ከነቴሌቪዥኑ ልኮልኝ ነበር።