ከአያት እስከ ደብረ ብርሃን፦ ስለ ጌሙ ባቡር ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ማታ ማታ ደግሞ ላፕቶፕ ላይ ሐዲድ እዘረጋለሁ። በቅርቡ ለባቡር ማሽከርከሪያ ጌም አንድ መስመር ሐሳብ አቅርቤ ነበር። ከአዲስ አበባ አያት ይነሳና በለገጣፎ፣ በሰንዳፋ፣ በአለልቱ፣ በሸኖና በጫጫ አድርጎ ደብረ ብርሃን ይገባል። ጠዋት ሄዶ ማታ ለሚመለስ ሰው የታሰበ ነው። ጥያቄ በጣም ስለበዛ በአንድ ላይ ልመልስ።

ጥያቄ፦ የአውሮፓና የጃፓን መስመር ሞልቶ ሳለ ለምን ሰሜን ሸዋ?

ሰዉ ስላለ። ጠዋት ላምበረት መናኸሪያ ሄዳችሁ ካያችሁ ይገባችኋል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ የቢራና የብርድ ልብስ ፋብሪካ አለ፤ ሸኖ ደግሞ ቅቤዋን አዲስ አበባ ድረስ የምትሸጥ ከተማ ናት። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከተሞቹም እንደ መቁጠሪያ በአንድ ክር ላይ ተሰክተዋል። የተመላላሽ ባቡር የሚፈልገው ይሄንን ነው፤ ተበታትኖ የሰፈረ ሕዝብ ላይ መስመር ማውጣት ያስቸግራል።

መሬቱም ይረዳል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም እስከዚያ ያለው አብዛኛው አምባ ሜዳ ነው። እዚህም እዚያም ወንዝና ሸለቆ አለ እንጂ ተራራ መቦርቦር አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ደብረ ሲናን ለምን ተውካት? የኔ አገር እኮ ናት።

ወንድሜ፣ ይሄ ጥያቄ እኔንም እንቅልፍ ነስቶኛል። ብዙ ሞክሬ ነው የተውኩት፤ ምክንያቱን በቁጥር ልንገርህ።

የኢትዮ ጅቡቲ መስመር ትልቁ ዳገት 1.85 በመቶ ነው። ባቡሩ 1,000 ሜትር ሲሄድ ከ18 ሜትር ተኩል በላይ አይወጣም ማለት ነው። ብረት ጎማ ብረት ሐዲድ ላይ ስለሚንሸራተት እንደ መኪና 7 ወይም 8 በመቶ ዳገት ውጣ ልትለው አትችልም። አሁን ከደብረ ብርሃን አልፎ፣ ደብረ ሲና ከመድረስህ በፊት ያለውን የጣርማበርን ተራራ አስብ። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከ3,000 ብንነሳ እንኳ መውረድ ያለብን 1,700 ሜትር ነው። ለ1.85 በመቶ አካፍለው፤ ከ90 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ ይወጣል። በመኪና ግን ያ ቁልቁለት ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ቀሪውን ርቀት የምታገኘው ሐዲዱን በተራራው ወገብ ላይ እያዞርክ፣ በዋሻ ውስጥ እየጠመዘዝክ ነው።

የመጀመሪያ ሙከራዬ ላይ የመኪናውን መንገድ ተከትዬ ነበር የዘረጋሁት። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን የጣርማበር ዋሻ አጠገብ አድርጌ ወደ ደብረ ሲና አወረድኩት። ሲወርድ ፍሬኑ አልበቃውም፤ ሲመለስ ዳገቱ ላይ ቆሞ ቀረ። ሦስት ወር የሠራሁትን አጠፋሁት።

ስለዚህ አሁን የማቀርበው ሁለት የተለያየ መስመር ነው። ላይኛው ደብረ ብርሃን ላይ ያበቃል። ታችኛው በሸዋ ሮቢት በኩል የሚያልፈውን የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር ይጠቀማል፤ እሱ ግንባታው እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረ፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚሆን መስመር ነው። በሁለቱ መሃል አውቶቡስ። ደብረ ሲና የአውቶቡሱ ዋና ፌርማታ ትሆናለች፣ ሰዓቱም ከባቡሩ ጋር ይገጥማል። አገርህን ረስቻት አይደለም።

ጥያቄ፦ ነጠላ ሐዲድ ነው ድርብ?

ነጠላ፣ ግን መተላለፊያው፣ ማለትም ከፊትና ከኋላ የሚመጡ ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉበት ቦታ፣ በስሌት የተቀመጠ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ መጀመሪያ ሐዲዱን ይዘረጋና የጉዞ ሰዓቱን በኋላ ያስባል። እኔ የምለው መጀመሪያ ሰዓቱን ወስኑ። በሁለቱም አቅጣጫ በየ30 ደቂቃው ባቡር ከተነሳ፣ አንድ ባቡር ከፊቱ የሚመጣውን በየ15 ደቂቃው ያገኛል። አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ከሆነ 15 ደቂቃ ማለት 20 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ በየ20 ኪሎ ሜትሩ ድርብ ሐዲድ ያለው ጣቢያ ያስፈልጋል። በሰዓት አንዴ ብቻ ከሆነ በየ40 ይበቃል።

130 ኪሎ ሜትሩን በዚያ ፍጥነት በ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ይጨርሳል። ጫፍ ላይ 20 ደቂቃ ያርፋል። ደርሶ መልስ 4 ሰዓት ሆነ። በየግማሽ ሰዓቱ ለመላክ 8 ባቡር፣ በየሰዓቱ ለመላክ 4 ባቡር ይዛችሁ ጀምሩ። መለዋወጫ አንድ ጨምሩበት።

ጥያቄ፦ ናፍጣ ወይስ ኤሌክትሪክ?

ኤሌክትሪክ፣ 25 ኪሎ ቮልት፣ ልክ እንደ ጅቡቲው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ከባሕር ጠለል ጋር ሲተያይ ሩብ ያህሉ የለም። የናፍጣ ሞተር የሚተነፍሰው ስለሚያጥረው ጉልበቱ ይቀንሳል። በዚያ ላይ በየጣቢያው ቆሞ መነሳት አለ፤ ቶሎ የማይነሳ ባቡር ለተመላላሽ አይሆንም። ለብቻው ጎታች ከማድረግ በየፉርጎው ሥር ሞተር ያለውን ዓይነት ምረጡ።

ጥያቄ፦ ለምን መሃል ከተማ፣ ለገሃር ድረስ አይገባም?

አያት ላይ ቀላል ባቡሩ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው የምሥራቅ–ምዕራብ መስመር ከአያት ጦር ኃይሎች ይሄዳል። ሰው እዚያው ወርዶ ይቀይራል። ሐዲዱ ስፋቱ አንድ ዓይነት ነው፣ 1,435 ሚሊ ሜትር፤ ግን ቀላል ባቡሩ በ750 ቮልት ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ የኛ ባቡር ቀጥሎ ልግባ ቢል አይችልም። ሁለቱ መድረኮች ፊት ለፊት ቢሆኑ ደስ ይለኛል፣ አሮጊት እናት ደረጃ ሳትወጣ እንድትሻገር።

ጥያቄ፦ በየትኛው ጌም ልጀምር? ገንዘብ የለኝም።

ኦፕን ሬይልስ ነፃ ነው። ትሬንዝ መሬቱን በእጅ ለመቅረጽ ይቀላል። ማሽከርከሩ ሳይሆን መረቡን ማቀድ ከሆነ የምትፈልጊው ኒምቢ ሬይልስን ሞክሪ፣ እውነተኛው የዓለም ካርታ ላይ ነው የሚሠራው። እህቴ፣ ኮምፒውተርሽ ደካማ ከሆነ ከሰንዳፋ እስከ ሸኖ ያለውን ብቻ ሥሪ። ይበቃል።

ጥያቄ፦ የመሬቱን ከፍታ ከየት ታመጣለህ?

እ.ኤ.አ. በ2000 ኢንደቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በራዳር የለካችው አለ፤ በየ30 ሜትሩ አንድ ነጥብ ነው፣ ነፃም ነው። ችግሩ ጠባብ ገደልን ያለሰልሳል። ካርታው ረጋ ያለ ተዳፋት ያሳይሃል፣ ቦታው ላይ ስትቆም ግን ገደል ነው። እኔ ድልድይ የማስብበትን ቦታ ሁሉ በእግሬ ሄጄ አያለሁ። ኩርባውን ደግሞ ከ800 ሜትር ራዲየስ በታች አታድርገው፣ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ካሰብክ።

ጥያቄ፦ የጣቢያ ስምና ማስታወቂያ በምን ቋንቋ ይሁን?

በአማርኛና በኦሮምኛ፣ ሁሉም ጣቢያ ላይ። ሰንዳፋ፣ አለልቱና ሸኖ ኦሮሚያ ናቸው፤ ባቡሩ የሁሉም ነው። ድምፁን የሚቀዳልን የአካባቢው ሰው ይሁን፣ የማሽን ድምፅ አልፈልግም።

ጥያቄ፦ እኔ ጌም መሥራት አልችልም፣ ግን መርዳት እፈልጋለሁ።

በጣም ትረዳናለህ። ሸኖ ወይም ጫጫ ካለህ ሚኒባስ ጥበቃ ሰልፉ በስንት ሰዓት እንደሚረዝም፣ በገበያ ቀን ስንት ሰው ከነጭነቱ እንደሚሳፈር አይተህ ጻፍልኝ። ከዚያ ነው የፉርጎውን ብዛት የምወስነው። ደብረ ብርሃን ያላችሁ ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር ንጋት ላይ ውርጩ ሜዳውን ሲያነጣው ፎቶ አንሱልኝ። የመጀመሪያው ባቡር 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሲነሳ መስኮቱ ላይ የሚታየው እሱ ስለሆነ በትክክል እንዲወጣ እፈልጋለሁ።