በቴሌቪዥን ተገናኝተው ይዘልቃሉ?

ጥያቄ፦ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ነኝ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ማታ ማታ እንዘፍናለን። ወንድሜ ገርልስ አላውድ የሚባሉት የእንግሊዝ ሴት ዘፋኞች በውድድር ነው የተገናኙት አለኝ። እውነት ነው? እንዴት ቆዩ?

መልስ፦ እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 «ፖፕስታርስ፦ ዘ ራይቫልስ» በተባለ የቴሌቪዥን ውድድር ተመልካች ነው አምስቱን የመረጣቸው፤ በዚያው ዓመት ለገና የመጀመሪያ ነጠላ ዘፈናቸው በዚያው ውድድር የተመረጠውን የወንዶች ቡድን ዘፈን በልጦ እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ሆነ። በ2013 ተለያዩ። ከአምስቱ አንዷ ሳራ ሃርዲንግ በ2021 በጡት ካንሰር አረፈች። እኔን በጣም የነካኝ፣ ቀሪዎቹ አራቱ በ2024 እሷን እያሰቡ እንደገና አብረው መድረክ ላይ መውጣታቸው ነው።

እናንተ ደግሞ ከመጀመሪያውም ጓደኛሞች ናችሁ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው! ብቻ ሦስታችሁም አንድ ላይ አትጩኹ። አንዷ ትምራ፣ ሁለታችሁ ተቀበሏት፤ በስልክ ቀድታችሁ አዳምጡት።