ሰባት ጅምር ሹራብና ሁለት ማዳበሪያ ክር

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ?

ጅማ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ቀን መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል እውላለሁ፤ ማታ ልጆቹ ሲተኙልኝ ሹራብ እሠራለሁ። ኪሮሽ ያስያዘችኝ እናቴ ናት። ያደግኩበት ቤት ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ አልነበረም፤ ቴሌቪዥኑም ሶፋውም ለብሶ ነው የኖረው። የሹራቡን ሁለት መርፌ ግን ካገባሁ በኋላ ነው የተማርኩት።

ያስቸገረኝ ክር ነው፤ አይቼ ማለፍ አልችልም። ሐሙስ ሕርማታ ገበያ ለሽንኩርት ወጥቼ ሁለት ጥቅል ክር ይዤ እገባለሁ። የባለቤቴ እህት አዲስ አበባ ስትሄድ «መርካቶ ካለፍሽ ደስ ያለሽን ቀለም ሁለት ጥቅል ያዢልኝ» እላታለሁ። አሁን አልጋዬ ሥር ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ክር አለ፤ ጅምሬ ደግሞ ሰባት ደርሷል።

እንቅልፍ የሚነሱኝ ሦስቱ ናቸው። የባለቤቴ ሰማያዊ ሹራብ ፊቱ፣ ጀርባውና አንድ እጅጌው አልቆ ክር አለቀብኝ። ከዚያው ሱቅ፣ ያንኑ ዓይነት ሁለት ጥቅል ገዛሁና ሁለተኛውን እጅጌ ክርኑ ድረስ አደረስኩት። ማታ በመብራት ምንም አልታየኝም። ጠዋት ደጅ ላይ ስዘረጋው የሌላ ሰው እጅጌ መሰለኝ። ባለቤቴ «አይታወቅም፣ እለብሰዋለሁ» ይላል፤ እኔ ግን እንደዚያ አድርጌ አላለብሰውም።

ሁለተኛው ለእህቴ ልጅ የጀመርኩት ነጭና ቢጫ የሕፃን ብርድ ልብስ ነው። አንድ ስንዝር ያህል ነው የቀረው፤ ልጅቷ ግን ሁለት ዓመት ሞልቷት ትሮጣለች። ሦስተኛው የትልቁ ልጄ ቀይ ሹራብ ነው። ስጀምረው አምስት ዓመቱ ነበር፤ አሁን ስምንት ነው። ብብቱ ጋ ደርሶ መርፌው እንደተሰካበት አለ። ልፈታው አነሳዋለሁ፣ ተመልሼ አስቀምጠዋለሁ። የስንት ማታ ድካሜ ነው።

ባለቤቴ «እነዚህ ሳያልቁ ሌላ አትግዢ» ብሎኛል፤ አልተቆጣም፣ ግን ገብቶኛል። ጎረቤቴ ደግሞ በሚቀጥለው ወር ትወልዳለች። ባዶ እጄን አራስ ጥየቃ መሄድ አልፈልግም። ስምንተኛ ልጀምር? ክር መግዛት ላቁም? የልጄን ሹራብስ ልፍታው?

ከጅማ

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ላይ ከቀለሞቹ ሁሉ በላይ ዓይኔ ውስጥ የገባው «ሁለት ጥቅል» የሚለው ነው። ሦስት ጊዜ ጽፈሽዋል። ሁለት ጥቅል ክር ሻርፕ ይሆናል፣ የሕፃን ኮፍያና ካልሲ ይሆናል። መካከለኛ ውፍረት ባለው ክር የአዋቂ ሹራብ ግን ከ1,000 እስከ 1,500 ሜትር ይፈልጋል። የጥቅሉ ወረቀት ላይ 100 ግራም፣ 200 ሜትር የሚል ከሆነ ቢያንስ አምስት፣ ለትልቅ ሰው ደግሞ ሰባትና ስምንት ጥቅል ነው። ስለዚህ ማዳበሪያሽ ቢሞላም የምትገዢው ሁሉ ገና ከሱቅ ሲወጣ ጎዶሎ ነው። ክር መግዛት አታቁሚ፤ ሁለት ሁለት እያልሽ መግዛቱን አቁሚ። ስንት እንደሚበቃ ለማወቅ የባለቤትሽን አሮጌ ሹራብ ይዘሽ ሂጂና ሱቁ ሚዛን ላይ አስቀምጪው። ክሩ በዓይነትም በውፍረትም ከተመሳሰለ የሹራቡን ክብደት ያህል ግዢ፣ አንድ ጥቅልም ጨምሪ።

ወደ ሰማያዊው ልምጣ። ጥፋቱ የዓይንሽ አይደለም፤ ባለሱቁም ያታለለሽ አይመስለኝም። ፋብሪካ በአንድ ጊዜ የሚነክረው ክር የተወሰነ ነው፤ በሚቀጥለው ንክር ያው ቀለም ትንሽ ይደምቃል ወይም ይፈዛል። ለዚህ ነው ወረቀቱ ላይ ከቀለሙ ቁጥር ጎን ሎት የሚባል ሌላ ቁጥር የሚታተመው። ስትገዢ የሁሉም ሎት አንድ መሆኑን አይተሽ፣ ከሱቁ ደጅ አውጥተሽ በፀሐይ አስተያዪው።

አሁን ደግሞ ሁለቱንም እጅጌ ፍቺ፤ ያለቀውንም ጭምር። ከዚያ እጅጌዎቹን ከአሮጌውና ከአዲሱ ክር ሁለት ሁለት መስመር እያፈራረቅሽ እንደገና ሥሪያቸው። ልዩነቱ እርስ በርሱ ይዋዋጣል፣ ግራና ቀኙም አንድ ዓይነት ይሆናል። ሥራ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ባሏን እንደዚያ አላለብሰውም የምትል ሴት ለሁለት እጅጌ የምትሰንፍ አይመስለኝም።

ለጎረቤትሽ ስምንተኛ አትጀምሪ። ብርድ ልብስ የቁመት ልክ የለውም፤ ለእህትሽ ልጅ ቢያመልጣትም ለሚወለደው ይደርሳል። እህትሽ ቅር እንዳይላት አስቀድመሽ ንገሪያትና የቀረችውን ስንዝር ጨርሺ። አንድ ነገር ብቻ አረጋግጪ፦ ክሩ ከምንድን ነው የተሠራው? ወረቀቱ ከጠፋ ጣት የምታህል ቁረጪና በወረንጦ ይዘሽ፣ ውኃ ባለበት ሳፋ ላይ ለኩሻት። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈርሳል። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል። አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ይቀልጥና ጥቁር ጠጣር ፍሬ ሆኖ ይቀራል። አክሪሊክ ከሆነ አትጣዪው፤ ይለሰልሳል፣ ሲታጠብም አያስቸግርም። ግን ስትሰጫት ከቡናው ከሰል እንድታርቀው፣ ካውያም እንዳታስነካው ንገሪያት።

የልጅሽ ቀይ ሹራብ ይፈታ። ይህን በችኮላ አይደለም የምልሽ። እናቴ ስታርፍ ያልጨረሰችው የሱፍ ሹራብ ከነመርፌው ቀረ፤ መንካት ስለከበደኝ ሻንጣ ውስጥ አራት ዓመት አስቀመጥኩት። ስከፍተው ብል በልቶታል። ክሩ በእጄ ላይ ስንዝር በስንዝር ተበጣጠሰ፤ ለመፍታት እንኳ አልሆነም። ያን ጊዜ ፈትቼ ለልጆቼ ሠርቼው ቢሆን የእናቴ ክር ዛሬ ከቤቴ ባልጠፋ።

መርፌውን አውጪና ክሩን እየሳብሽ በወንበር መደገፊያ ላይ ጠቅልዪው። አራት ቦታ በሌላ ቀለም ክር ላላ አድርገሽ እሰሪና አውርጂው። እንደ ጠጉር ተጠቅልሎ ይወጣል፤ አትደንግጪ። ለብ ባለ ውኃ ትንሽ ሳሙና አድርገሽ ዘፍዝፊው፣ ሳትጠመዝዢ ጨምቂው፣ ጥላ ላይ ስቀዪው፤ ይዘረጋል። የእናንተ አገር ዝናብ አይታመንምና ውስጡ ድረስ ሳይደርቅ ማዳበሪያ ውስጥ እንዳትመልሺው፤ ይሻግታል።

ክሩ ለስምንት ዓመት ልጅ አይበቃም። እዚህ ላይ ግን እነዚያ ሁለት ሁለት ጥቅሎች ሥራ ያገኛሉ፦ ከቀዩ ጋር በውፍረት የሚስማሙትን አውጪና መስመር መስመር አድርገሽ ሥሪለት፤ ቀለሙን እሱ ይምረጥ። በዚህኛው ግን ከታች አትጀምሪ፣ ከአንገት ወደ ታች ውረጂ። የዚያን ጊዜ እጅጌው ሲያጥረው ሹራቡን መተው የለም፤ ጫፉን ፈትተሽ፣ መርፌው ላይ መልሰሽ፣ በአዲስ ቀለም ትቀጥዪለታለሽ።