ደንገጎን ያልወጣች መኪና አትገዛም

የመኪና ገጽ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከድሬዳዋና ከሐረር ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ያገለገለ ስፖርት መኪና ስለመግዛት የሚጠይቁ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገናል። የመኪኖቹ ዓመተ ምርት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ስፖርት መኪና የልጅነት ምኞቴ ነው፤ ብሬ ግን ውስን ነው። ሦስት አግኝቻለሁ፤ የ2001 ቶዮታ ሴሊካ 1.8፣ የ2002 ቢኤምደብሊው ባለሁለት በርና ባለ 6 ሲሊንደር፣ የ2004 ማዝዳ አርኤክስ 8። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። በየሳምንቱ ሐረር እመላለሳለሁ። አቦ፣ ቁርጡን ንገሩኝ፤ የትኛውን ልግዛ? (ሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ሴሊካዋን። በጉልበት ቢኤምደብሊውው ይበልጣታል፤ በመልክም ማዝዳው ሳያስከነዳት አይቀርም። ግን ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ያለው ያው ያለው ነው፤ ዕቃዋን ፈቶ ለመውሰድ የሚገዛ ሌላ ሴሊካ ወይም ሌላ አርኤክስ 8 በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ብሩ የተቆጠረ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ሞተሩ የየትኛው የቤት መኪና ዘመድ ነው?» ብሎ ነው።

የሴሊካዋ ባለ 1.8 ሞተር፣ መካኒኮች «ዋን ዜድዜድ» የሚሉት፣ 1.8 ኮሮላና 1.8 ራቭፎር ላይ ያለው ራሱ ነው። ከ2001 እስከ 2007 የተመረተው የ1.6 ኮሮላ ሞተርም የዚያው ቤተሰብ ስለሆነ እንደ ውሃ ፓምፕ፣ ቴርሞስታትና የዘይት ፊልትሮ ያሉትን ይጋራሉ። ታይሚንጉ የሚዞረው በካቴና ስለሆነ በየ90,000 ኪሎ ሜትሩ ቺንጊያ መቀየር የለም። የማይጋሩት ውጪያዊ አካሉን ነው። የፊት መብራት፣ ፓራውልት፣ የበር መስታወት ከኮሮላ አይመጣም። ሁለት ሴሊካ ቢያጋጥምዎ፣ መብራቱና መስታወቱ ሙሉ የሆነውን ሞተሩ ደከም ያለ እንኳ ቢሆን ይምረጡ። ሞተር ይጠገናል፤ የተሰነጠቀ የፊት መብራት ግን ወር ሙሉ ያስጠብቃል።

የሴሊካዋ ሕመም ዘይት መጠጣት ነው። እስከ 2002 ገደማ በወጡት ላይ ፒስተኑ ውስጥ ዘይቱ ተመልሶ የሚወርድባቸው ቀዳዳዎች ጠባብና ጥቂት ስለነበሩ፣ ዘይቱ እዚያው እየተቃጠለ የዘይት ፋሻውን (ፒስተኑን የከበበውን ቀለበት) ያጣብቀዋል። ፋሻው ከተጣበቀ ሲሊንደሩን አይጠርግም፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። የእርስዎ 2001 ከነዚህ ውስጥ ነች። መፍትሔው ወፍራም ዘይት መጨመር ሳይሆን ኋላ የተሻሻለውን ፒስተን ከነፋሻው መግጠም ነው። ሞተሩ የሚይዘው 3.7 ሊትር ብቻ ስለሆነ በ1,000 ኪሎ ሜትር ወደ 1 ሊትር የምትጠጣ መኪና በሁለት ወር ቸልታ ደርቃ ልትገኝ ትችላለች። ሻጩ ፖርታ ባጋልዮው ውስጥ ግማሽ የጎደለ የዘይት ጀሪካን ይዞ የሚዞር ከሆነ መልሱን ከአፉ መስማት አያስፈልግዎትም። ደላላው «ባለ 180 ፈረስ ጉልበቷ ሴሊካ ትሻላለች» ቢልዎ አይስሙት። የእርሷ ሞተር የመጭመቂያ ምጣኔው 11.5 ለ1 ስለሆነ ከፍተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ይፈልጋል፤ እኛ ማደያ የሚቀዳው ደግሞ አንድ ዓይነት ነው።

ቢኤምደብሊውው መጥፎ መኪና ስለሆነ አይደለም የምንከለክልዎ። ችግሩ ሙቀትና ከፍታ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር አካባቢ፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,885 ሜትር ላይ ናቸው። መኪናው ከቆላው ሙቀት ተነሥቶ በመካከል ያለውን የደንገጎ ዳገት በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ እየታገለ ይወጣል። ሐረር ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የመኪና ውሃ እስከ 115 ዲግሪ እንኳ ሳይፈላ የሚቆየው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ብቻ ነው። የዚህ ቢኤምደብሊው ቴርሞስታት ሞተሩን ሆን ብሎ ወደ 97 ዲግሪ ያሠራዋል። ክዳኑ ከላላ ወይም የፕላስቲክ ውሃ ማጠራቀሚያው ፀጉር በሚያክል ስንጥቅ ካፈሰሰ፣ ሞተሩ በጤናው ሙቀት ላይ እያለ ውሃው ይፈላል ማለት ነው። ማጠራቀሚያው፣ የራዲያተሩ ጎንና ጎን፣ የቱቦ መጋጠሚያዎቹ ሁሉ ፕላስቲክ ናቸው፤ ከ20 ዓመት በኋላ እንደ ብስኩት ይሰባበራሉ። አንዴ ከጋለ ደግሞ የሞተሩ አካል አሉሚኒየም ስለሆነ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛ ክዳን) ቡሎን ጥርሱን ይዞ ይወጣል፤ ያኔ ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ መቀየር ብቻውን አያድነውም። የዚህ ሞዴል ሌላው የታወቀ በሽታ፣ የኋላው ድልድይ (የኋላ እግሮቹን የሚሸከመው ብረት) የሚታሰርበት ወለል መሰንጠቁ ነው፤ ሊፍት ላይ ሳያወጡት አይታይም። የማቀዝቀዣውን ዕቃ ሙሉ በሙሉ ለመቀየር የተለየ ብር ካለዎት ግሩም መኪና ነው። ካልሆነ ይቅርብዎ።

ማዝዳውን በአጭሩ እንለፈው። ፒስተን የለውም፤ ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተር ነው የሚሽከረከረው። ዘይት ማቃጠሉ ጉድለት ሳይሆን አሠራሩ ነው፤ የሮተሩን ጫፍ ማሸጊያዎች ለማለስለስ ፓምፕ ዘይት ይረጭበታል። ሳይሞቅ ጥቂት ሜትር አንቀሳቅሰው ካጠፉት ካንዴላው በቤንዚን ይሰጥምና አልነሣም ይላል። ኮምፕሬሽኑን (ሞተሩ ውስጥ አየሩ የሚጨመቅበትን ግፊት) በተለመደው ጌጅ በትክክል መለካት አይቻልም፤ የራሱ መሣሪያ አለው። ሐረር የፔጆ 404 ታክሲዎችን በየመንገዱ ያቆዩ ባለሙያዎች አሏት፤ እጃቸው የተባረከ ነው፤ ይህ ግን ሌላ ሙያ ነው።

የትኛውንም ይግዙ፣ ካለዎት ብር አምስት እጅ አድርገው አንዱን እጅ አይንኩት። በመጀመሪያው ወር ጎማ፣ ዘይት፣ የፍሬን ሸራና ዘይቱ፣ ኩላንት፣ ባትሪ ይበሉታል።

ጥያቄ፦ መካኒክ ይዤ ሄጄ ሞተሩን አስነሥቶ ሰማውና «ደህና ነው» አለኝ። ኮምፕሬሽን ስናስለካ ግን 10.5 ባር ብቻ አሳየ፤ በመጽሐፉ 13 ይላል። ሞተሩ ሞቷል ማለት ነው? ደግሞስ ሌላ ምን ልፈትሽ? (ሐረር፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ አልሞተም። መጽሐፉ የሚናገረው ለባሕር ወለል ነው። ሐረር ላይ የአየሩ ግፊት ወደ 80 በመቶ ስለሚወርድ 13 የነበረው 10.5 ገደማ፣ ድሬዳዋ ላይ ደግሞ 11.4 ገደማ ቢያነብ ጤነኛ ነው። እርስዎ ማየት ያለብዎ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ ከ1 ባር መብለጥ የለበትም። ሲለኩ ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላ ተፈትቶ፣ የቤንዚን ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ መሆን አለበት። ፔዳሉ ካልተረገጠ ቁጥሩ ያለጥፋቱ ይወርዳል። አንዱ ሲሊንደር ዝቅ ካለ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምረው ይድገሙት፤ ከፍ ካለ ፋሻ፣ ባለበት ከቀረ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን ነው።

በዚሁ ምክንያት ጉልበቱም ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው ባለ 140 ፈረስ ሞተር ሐረር ላይ የሚሰጠው ወደ 115 ነው። «ሰነፈ» ብለው ጥሩ መኪና አይጣሉ።

አስነሥቶ መስማት ግን አይበቃም። ጠዋት፣ ሻጩ ሳያሞቃት ይድረሱ። ኮፈኑን ይዳስሱ፤ ሞቆ ከጠበቀዎ የሚደበቅ ነገር አለ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ። ዝገት የመሰለ ቡናማ ውሃ ወይም ነጭ የኖራ ቅርፊት ካዩ በኩላንት ፋንታ የቧንቧ ውሃ ሲጨመርበት ኖሯል፤ የድሬ ውሃ ጀበና ላይ የሚያደርገውን የሚያውቅ ሰው ራዲያተር ውስጥ የሚያደርገውን አያጣውም። በዘይት መጨመሪያው ክዳን ሥር እርጎ የመሰለ ነገር ካለ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል። የላይኛው የራዲያተር ቱቦ ገና ጠዋት በብርዱ ተወጥሮ ከጠነከረ ጓርኒሲዮኑ ግፊት እያስገባ ነው።

ከዚያ ከድሬ ተነሥተው ደንገጎን ይውጡ፤ ቢቻል ከቀትር በኋላ። ሙቀት መለኪያው መሃል ላይ ደርሶ መቆም አለበት። አራተኛ ማርሽ አስገብተው በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቤንዚኑን ሙሉ ይርገጡ፤ የሞተሩ ዙር ብቻ ከፍ ብሎ መኪናዋ ካልተከተለች ፍሪሲዮኑ አልቋል። ላይ ሲደርሱ አያጥፏት፤ ኤርኮንዲሽነር ከፍተው አሥር ደቂቃ ቆማ ትሥራ፤ ቬንትሌተሩ ሲነሣና ሲያርፍ ይስሙ። ከዚያ አጥፍተው አምስት ደቂቃ ቆይተው ያስነሡ።

ቁልቁለቱ ሌላ ፈተና ነው። በሁለተኛ ማርሽ እግርዎን ከቤንዚን አንሥተው ጥቂት ይውረዱና መልሰው ሲረግጡ በመስታወት ወደ ኋላ ይመልከቱ። ሰማያዊ ጭስ ብልጭ ብሎ ከጠፋ በአብዛኛው የቫልቭ ጎማ ነው፤ ወጪው ይቻላል። ሽቅብ ስትወጣም ሳይቋረጥ የሚጨስ ከሆነ ፋሻ ነው። በቁልቁለቱ የሙቀት መለኪያው ወደ ታች ከወረደ ደግሞ ቴርሞስታቱን ነቅለው ጥለውታል። ቆላ ውስጥ «እንዳይግል» ተብሎ የሚደረግ ነገር ነው፤ ኮምፒዩተሩ ግን ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ቤንዚን ሲጨምር ይኖራል፤ ፍጆታው ይጨምራል፣ ሲሊንደሩም ይታጠባል። የነቀሉበትን ምክንያት ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ከጀርባው የተደፈነ ራዲያተር አለ።

ታች ሲደርሱ የፍሬን ፔዳሉ ላይ ሳሉ ከነበረው ይበልጥ ከሰመጠ የፍሬን ዘይቱ ውሃ ጠጥቷል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ይቋቋማል፤ እርጥበት ሲጠጣ 155 አካባቢ ላይ ሊፈላ ይችላል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል።

ጥያቄ፦ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ሻጩ «ከፋብሪካው የግራ ነው» ይላል። (ከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ከሻንሲው ቁጥር ይጀምሩ። ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና ብዙውን ጊዜ መሃሉ ሰረዝ ያለው አጭር ቁጥር ነው ያለው፤ ለአውሮፓ ወይም ለዓረብ አገር የተሠራው 17 ፊደልና አሃዝ አለው። ጃፓን ደግሞ የሚነዳው በግራ መንገድ ስለሆነ መሪው በቀኝ ነው፤ አጭር ቁጥር ይዞ መሪው ግራ ከሆነ ይጠርጥሩ። ከዚያ ኮፈኑን ከፍተው የፍሬን ሰርቮውን (የእግርን ኃይል የሚያግዘውን ክብ ዕቃ) ይመልከቱ። በቀኝ በኩል ቀርቶ ከፔዳሉ ጋር በረጅም ዘንግ ከተያያዘ ዞሯል፤ ፍሬኑም የላላ ስሜት ይሰጣል። ሞተሩን ከሾፌሩ ክፍል በሚለየው የእሳት መከላከያ ግድግዳ ላይ የብየዳ ጠባሳ ይፈልጉ። የዝናብ መጥረጊያው በሾፌሩ በኩል ሰፊ ጥግ ሳይጠርግ ከቀረ ያልተቀየረ የቀኝ መሪ መጥረጊያ ነው።

ማታ ከግድግዳ 5 ሜትር ርቀው አጭሩን መብራት ያብሩ። የብርሃኑ ጠርዝ ወደ ቀኝ ከፍ ማለት አለበት። ወደ ግራ ከፍ ካለ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ያሳውራል። በመጨረሻ፣ ቁልፉን ሲከፍቱ የኤርባግ መብራት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ተነቅሏል ወይም ኤርባጉ የለም።

ዞሮ በደንብ የተሠራ መኪና ይነዳል፤ በዋጋው ግን ይቆረጥለት። ስፖርት መኪና ላይ መሪና ፍሬን ሁለቱ ዋና ነገሮች ስለሆኑ እኛ ብንሆን አንወስደውም።

ጥያቄ፦ ሞላውን አሳጥሬ 18 ኢንች ቸርኬ ልግጠምበት? (ሐረር፣ ጀጎል)

መልስ፦ አይሆንም። በጀጎል የድንጋይ ንጣፍ ላይና በየመንገዱ እብጠት የዘይት ካርተሩን ይመታሉ። ጠርዙ ቀጭን የሆነ ጎማ ጉድጓድ ሲያገኝ ቸርኬውን ያጣምማል። 16 ኢንች፣ 205/55 ይበቃል፤ ልኩም በገበያ ይገኛል። ጎማ ሲገዙ ጎኑ ላይ ያለውን ባለ 4 አሃዝ ቁጥር ያንብቡ፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። በቆላ ፀሐይ የከረመ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ጎኑ ይሰነጠቃል፤ ስድስት ዓመት ካለፈው አይግዙ።

ጥያቄ፦ ሻጩ ሊብሬው በስሙ አይደለም፤ ውክልና ብቻ አለው። ቀብድ ልስጥ? (ገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ገና። ውክልናው መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድ መሆኑንና እንዳልተሻረ ከሰነዶች ማረጋገጫ ያጣሩ። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ከተቀረጸው ጋር አሃዝ በአሃዝ ያመሳክሩ። ስፖርት መኪና ላይ ሞተር መቀየር የተለመደ ነው፤ ለውጡ ካልተመዘገበ ቦሎ ሲያድሱ ይያዛሉ። ዕዳና እግድ እንደሌለበት መኪናው ከተመዘገበበት መንገድ ትራንስፖርት ይጠይቁ። የሐረር ሰሌዳ ከሆነ ፋይሉ ያለው ሐረር ነው፤ ድሬ ላይ ብቻ ጠይቀው አይመለሱ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ከሆነም ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርም፤ ያ ክፍያ በማን ላይ እንደሚወድቅ በውሉ ውስጥ ይጻፍ።