ያንን ልጅ ዝም ያሰኘሁበት ቀን

ሰሞኑን አንዲት ወጣት «ጋሼ፣ በኔትወርክ ሙያ ስም ለማውጣት ስንት ሰርተፍኬት ያስፈልገኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ሰርተፍኬት ምንም አይደለም» አልኳት። ውሸቴን ነው፤ እኔ ራሴ ሥራ የገባሁት በሰርተፍኬት ነው። እሷ ከሄደች በኋላ ግን አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለኝና እንቅልፍ ነሳኝ።

ያኔ የአንድ መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ኃላፊ ነበርኩ። ከሁለቱ ሕንፃዎች በአንደኛው ያሉ ሠራተኞች በየቀኑ ያማርራሉ። ፒንግ ስናደርግ፣ ማለትም ትንሽ የሙከራ መልእክት ልከን መልሱን ስንጠብቅ፣ ደህና ነው። ትልቅ ፋይል ሲላክ ግን እንደ ኤሊ ይጎተታል። እኔ ኮምፒውተሮቹን በገመድ የሚያገናኘውን ሣጥን «ስዊቹ አርጅቷል፣ አዲስ ይገዛ» አልኩ።

ስብሰባው ላይ ጥግ ይዞ የተቀመጠ አዲስ ልጅ ነበር። ቀስ ብሎ «መጀመሪያ የፖርቱን የስህተት ቆጣሪ ብናየውስ?» አለ፤ ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ ላይ የተፈጠረውን ስህተት ስዊቹ የሚቆጥርበትን መዝገብ ማለቱ ነው። «አንተ መጀመሪያ ሥራውን ልመድ» አልኩት። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ልጁ ከዚያ ቀን በኋላ ስብሰባ ላይ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ስዊቹ ተገዛ። ችግሩ ንቅንቅ አላለም። ከወራት በኋላ አንድ ምሽት ብቻዬን ቁጭ ብዬ ቆጣሪውን ከፈትኩት። የግጭት ቁጥሩ ተቆልሏል። ለካ የገመዱ የወዲያኛው ጫፍ ፉል ዱፕሌክስ (በአንድ ጊዜ መላክና መቀበል) ላይ በእጅ ተቆልፏል፤ የወዲህኛው ራሱ እንዲመርጥ ስለተተወ ሃፍ ዱፕሌክስ (በተራ መላክና መቀበል) ላይ ወድቋል። አንዱ እየሰማም ይናገራል፤ ሌላው ተራ ይጠብቃል። ሲደራረቡ ፓኬቱ፣ ማለትም ተቆራርጦ የሚላከው የመረጃ ቁራጭ፣ ይበላሻል። ፒንግ ትንሽ ናትና ሾልካ ታልፋለች። ለማስተካከል አንድ መስመር ትእዛዝ በቃኝ። ለአለቆቼ «ተስተካክሏል» አልኩ፤ ምን እንደነበር ግን ትንፍሽ አላልኩም። ልጁ ያን ጊዜ ሥራ ለቅቆ ሄዷል።

የሚያናድደኝ የአሜሪካዊውን የኔትወርክ ተመራማሪ የቫን ጃኮብሰንን ታሪክ ያኔም አሳምሬ ማወቄ ነው። ጥቅምት 1986 (በፈረንጆች) በሎውረንስ በርክሌይ ላብራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል ያለው መስመር በሰከንድ ከ32 ሺህ ቢት ወደ 40 ቢት ወረደ። ይህ በሰከንድ አምስት ፊደል ማለት ነው፤ በኪቦርድ ፈጥኖ የሚጽፍ ሰው ብዙም አይበለጥም። ርቀቱ ደግሞ 400 ያርድ ብቻ! እሱ «ሰፊ መስመር ይገዛ» ብሎ አላለፈውም። ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲው ማይክ ካሬልስ ጋር ሆኖ የላኪዎቹን ጠባይ መረመረ። ኮምፒውተሮቹ ገና ሲጀምሩ ያላቸውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያፈሳሉ። ከዚያ የዘገየውን ፓኬት ጠፋ ብለው ደግመው ይልካሉ። መስመሩ በቅጂ ይሞላል። መፍትሔው ቀስ ብሎ መጀመር፣ ፓኬት ሲጠፋ ደግሞ ፍጥነትን መቀነስ ሆነ። ጽሑፉ በ1988 ወጣ። ፓኬት የሚያልፍበትን መንገድ የሚያሳየውን ትሬስራውትንም የጻፈው እሱ ነው፤ የሚያልፉትን ፓኬቶች ከፍቶ የሚያሳየውን ቲሲፒደምፕን ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሠራ። ሁለቱም ከመገመት ይልቅ ለማየት የሚረዱ ናቸው።

የዛሬ ልጆች የኔትወርኩን ሁኔታ በቀለም የሚያሳይ ዳሽቦርድ ላይ ታፈጥጣላችሁ፤ አረንጓዴ ከሆነ ጨርሳችኋል። ፓኬት ከፍቶ ማየት ይሰለቻችኋል። እንዲህ ስል ግን አፌን ያዝ ያደርገኛል። ያኔ ቆጣሪው ይታይ ያለው ወጣቱ ነበር፤ ሳላይ የፈረድኩት እኔ።

ጃኮብሰን በ2016 ከጉግል ባልደረቦቹ ጋር ቢቢአር የተባለውን የመላኪያ ፍጥነት መቆጣጠሪያ ዘዴ አወጣ። የ1988ቱ ሥራው ፓኬት ከጠፋ መንገዱ ተጨናንቋል ብሎ ይነሳ ነበር። አዲሱ በመጥፋቱ ብቻ አይፈርድም፤ የመስመሩን አቅምና የደርሶ መልስ ጊዜውን ይለካል። ከ28 ዓመት በኋላ የገዛ ሥራውን መሠረት ነካው፤ ያውም ዓለም በሙሉ ከተጠቀመበት በኋላ።

የልጁ ስልክ ቁጥር ለብዙ ዓመታት እኔ ጋ ነበር። አንድ ሁለቴ ልደውል አውጥቼው መልሼ ዘጋሁት። በኋላ ስልክ ስቀይር ጠፋ።