ከሐይቅ ርቆ ትኩስ ዓሣ መግዛት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አሰብ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁን አራት ኪሎ የምኖር እናት ነኝ። በልጅነቴ ዓሣ የምንገዛው ከጀልባ ሲወርድ ነበር። አዲስ አበባ ከመጣሁ በኋላ ፒያሳ አትክልት ተራ አካባቢ እገዛ ነበር፤ ገበያው በ2012 ዓ.ም. ከቦታው ከተነሣ ወዲህ ግን የምገዛው በፌስታል የታሰረ ፊሌቶ ነው። አንዳንዱ መጥበሻ ላይ ውኃ ይሆናል፣ አንዳንዱም ይሸታል። ትኩሱን በምን ልለየው? ፊሌቶው የቆሮሶ ይሁን የአምባዛ እንዴት አውቃለሁ? ልጆቼ ደግሞ ሐዋሳ የቀመሱትን ጥሬ ዓሣ በቤት እንድሠራላቸው ይጠይቁኛል። የባሕር ዓሣስ ትኩሱ ይገኛል?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ወደ ከተማችን የሚመጣው ዓሣ በአብዛኛው የሐይቅ ዓሣ ሲሆን፣ የሚነሣውም ከዝዋይ፣ ከሐዋሳ፣ ከአርባ ምንጮቹ ጫሞና ዓባያ፣ እንዲሁም ከጣና ነው። ዝዋይ 160፣ ሐዋሳ ደግሞ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ፤ ከአርባ ምንጭና ከባሕር ዳር የሚመጣው ከዚህም በጣም የረዘመ መንገድ ይጓዛል። ዓሣ ከሞተበት ሰዓት ጀምሮ መበላሸት የሚጀምር በመሆኑና ይህንንም የሚያዘገየው ወደ ዜሮ ዲግሪ የተጠጋ ቅዝቃዜ ብቻ ስለሆነ፣ ሻጩን «ትኩስ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምዎትም። ከየትኛው ሐይቅ እንደመጣ፣ መቼ እንደገባና በበረዶ ተጭኖ መምጣቱን ይጠይቁ። ሥራውን የሚያውቅ ነጋዴ እነዚህን ጥያቄዎች ሳያመነታ ይመልሳል።

ከሁሉ በላይ ግን አጥብቄ የምመክርዎት ዓሣውን ሙሉውን ገዝተው ፊሌቶውን በፊትዎ እንዲያስወጡ ነው። ቆዳውና ጭንቅላቱ የተወሰደበት ሥጋ ዕድሜውን ይደብቃል፤ ሙሉው ዓሣ ግን አይደብቅም። ዓይኑ ጥርት ያለና ወጣ ያለ ሊሆን ይገባል፤ ከጎደጎደና ጭጋግ ከለበሰ ዓሣው ሰንብቷል ማለት ነው። ከጉንጩ በኩል ያለውን ክዳን በጣትዎ ገልጠው የሚተነፍስበትን ክፍል ይመልከቱ፤ ደማቅ ቀይ ከሆነ መልካም ነው፣ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ግራጫ ከተለወጠና የሚያጣብቅ ልጋግ ከያዘ ይተውት። ሥጋውን በጣትዎ ጫን ሲያደርጉት የጣትዎ ምልክት ወዲያው መጥፋት አለበት። ትኩስ ዓሣ የሐይቅ ውኃ ሽታ ቢኖረው አያስገርምም፤ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ካለው ግን ሎሚም ሆነ ሚጥሚጣ አያድነውም። ዋጋውን ሲያሰሉ ደግሞ ከአንድ ቆሮሶ የሚገኘው ፊሌቶ ከጠቅላላ ክብደቱ አንድ ሦስተኛ ገደማ መሆኑን ያስታውሱ። ጭንቅላቱንና አጥንቱን እዚያው ጥለው አይሂዱ፤ የዓሣ ሾርባ ጣዕሙን የሚያገኘው ከእነርሱ ነው።

መጥበሻ ላይ ውኃ የሆነብዎት ፊሌቶ ምናልባት ቀዝቅዞ ከሟሟ በኋላ እንደ ትኩስ የተሸጠ ነው። እንዲህ ያለው ፊሌቶ ከረጢቱ ሥር ውኃ ያጠራቅማል፣ ሥጋውም ሲነኩት ይላላል፣ ይሰነጣጠቃል። በረዶ እንደሆነ የሚሸጠውን ሲገዙ ደግሞ በከረጢቱ ውስጥ ብዙ የበረዶ ቅንጣት ያለበትንና ጠርዙ ወደ ቢጫ ያደላውን አይውሰዱ፤ አንድ ጊዜ ሟሙቶ እንደገና የበረደ ወይም ብዙ የቆየ ሊሆን ይችላል።

ስለ አምባዛ ያነሡት ጥያቄ የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ ፍጥረት አይበላም ስለተባለ፣ ቅርፊት የሌለውን አምባዛ የማይበሉ ምእመናን ብዙ ናቸው፤ ሻጭም ይህን አክብሮ የሸጠውን በስሙ መጥራት አለበት ብዬ አምናለሁ። የቆሮሶ ፊሌቶ አነስ ያለ፣ ነጣ ያለና መሐሉን የሚያቋርጥ ቀላ ያለ መስመር ያለው ነው። የአምባዛ ሥጋ ጠቆር ወይም ቀላ ይላል፣ ቅባትም ይበዛዋል። ወፍራምና ትልቅ ነጭ ቁራጭ ካዩ ደግሞ ከጫሞ ወይም ከዓባያ የመጣ «ነጭ ዓሣ» የሚባለው ዝርያ (ናይል ፐርች) ሊሆን ይችላል። ሆኖም ከተቆራረጠ በኋላ በዓይን ብቻ መለየት አስተማማኝ ስላልሆነ፣ ጉዳዩ የሃይማኖት ግዴታዎ ከሆነ ቅርፊቱን ሳያዩ አይግዙ። በዐቢይ ጾም ዓሣ የሚበሉ ሰዎች ስለሚበዙ ገበያው ይሞቃል፣ ዋጋውም ይወጣል፤ በዚያ ወቅት ማልዶ መሄድ ይጠቅማል።

ጥሬ ዓሣን በተመለከተ ግን ልጆችዎን እምቢ ይበሏቸው። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዓሣዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ጥገኛ ትሎችን በተደጋጋሚ አግኝተዋል፤ አንዳንዱ በቆሮሶ ሥጋ ውስጥ ቢጫ ነጠብጣብ መስሎ ይታያል፣ አንዳንዱ ግን ለዓይን አይገለጥም። ሎሚና አዋዜ ትሉን አይገድሉም። የሚገድለው እስከ መሐሉ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ ሙቀት፣ ወይም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለ7 ቀናት ማቆየት ነው፤ ብዙ የቤት ማቀዝቀዣ ደግሞ ይህን ቅዝቃዜ አይጠብቅም፣ መብራት በሚቋረጥበት ሰፈር ይልቁንም። የዓሣ ለብለብ የሚወዱ ከሆነ ቁርጡን አሳንሰው ይቁረጡትና መሐሉ ነጥቶ በሹካ እስኪፈረካከስ ድረስ እሳት ላይ ያቆዩት፤ ጉላሽና ኮተሌትም ቢሆን በዚሁ መንገድ ይታያል።

ቤት እንደገቡ ዓሣውን አጥበው፣ ውኃውን በንጹሕ ጨርቅ አድርቀው በተከደነ ዕቃ ማቀዝቀዣው ታችኛ ክፍል ያስቀምጡት፤ ውኃው ሌላ ምግብ ላይ አይንጠባጠብ። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ የማይበሉትን በየአንድ ጊዜ ማብሰያው ከፋፍለው ወዲያውኑ በረዶ ቤት ያስገቡት።

የባሕር ዓሣን በተመለከተ አሰብ ያዩትን የሚመስል ትኩስ በከተማችን ገበያ እንዳይጠብቁ እነግርዎታለሁ። በትልልቅ ሱፐርማርኬቶች የሚያገኙት ሽሪምፕና የባሕር ዓሣ ከውጭ በበረዶ የገባ ነው። ይህ ማለት መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ወዲያው እንደተጠመደ የበረደና ቅዝቃዜው ያልተቋረጠበት ከሆነ፣ ያለ በረዶ ቀኑን ሙሉ ከተጓዘ «ትኩስ» ዓሣ ይሻላል። የማብቂያ ጊዜውን አይተው ይግዙት፣ ማታ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብተው ቀስ ብሎ እንዲሟሟ ያድርጉት፣ ከሟሟ በኋላም መልሰው አያብርዱት። እንደ አሰብ ዓሣ ወፍራም ቁራጭ የሚፈልጉ ከሆነ ግን ነጭ ዓሣውን በሙሉው አስመርጠው ይሞክሩ፤ ለጥብስ ከሐይቅ ዓሣዎቻችን ሁሉ እኔ የማስቀድመው እርሱን ነው።