ካምቢዮውን አትፍታው፤ ጥፋቱ ያለው የፊቱ ፑሌጃ ላይ ነው

የአንባቢያችን ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የድሮ የጓሮ ትራክተር አለኝ። ባለ አንድ ሲሊንደር፣ 12 የፈረስ ጉልበት ሞተሩ ነክሶ ቀረ። አውጥቼ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ 22 የፈረስ ጉልበት አዲስ ሞተር አስገባሁ። ባለ ሦስት ማርሹን ካምቢዮም በባለ ስድስት ማርሽ ቀየርኩት። የፊቱ ፑሌጃ (ቺንጊያው የሚዞርበት ባለ ቦይ መንኮራኩር) የድሮው ነው፤ ቀዳዳው ለአዲሱ ዘንግ ስለሰፋ በቦኮላ፣ ማለትም መሀል በሚገባ የብረት ቀለበት፣ አጥብበነዋል። የኋላው ከካምቢዮው ጋር የመጣው ነው። የድሮው ቺንጊያ ለኋላው ስለወፈረ ቀጠን ያለ ገዛሁ። ሜዳ ላይ በአንደኛ ማርሽ ጥሩ ይሄዳል። ዳገት ላይ ወይም ተጎታች ስጎትት ግን ሞተሩ ድምፁ ሳይቀየር ትራክተሩ ይቆማል፤ ይጮኻል፤ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ፍሪሲዮን ረግጬም ወደ ፊት ይሳባል፣ ማርሹም ይንገጫገጫል። ሦስት ቺንጊያ ጨረስኩ። የሠራልኝ ልጅ የቺንጊያው መወጠሪያ ላይ ጠንካራ ሞላ ጨመረበት፤ አሁን ደግሞ ካምቢዮው ተበላሽቷልና ይፈታ ይላል። ልፍታው? በነገራችን ላይ ሞተሩ በቁልፍ አይጠፋም፤ ቾክ ዘግቼ ነው የማጠፋው።»

ወንድሜ፣ አትፍታው። ካምቢዮው ምንም የሆነ አይመስለኝም። ደብዳቤህን አንብቤ ገና «ቀጠን ያለ ገዛሁ» የምትለው ላይ ስደርስ ነገሩ ገብቶኛል።

ከሁሉ በፊት ግን «በነገራችን ላይ» ብለህ ስለጠቀስካት ቁልፍ። የዚያ ዘመን የጓሮ ትራክተር ሞተሮች ብዙዎቹ ብልጭታቸውን የሚያገኙት ከባትሪ ነበር፤ ቁልፉን ስታጠፋ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፣ ሞተሩ ይቆማል። አዲሱ ግን ማግኔቶ ነው። ብልጭታውን ራሱ ያመነጫል፤ ባትሪውን ፈትተህ ብትወስድበት እንኳ መዞሩን ይቀጥላል። እሱን የምታጠፋው የማጥፊያ ሽቦውን ከማሳ፣ ማለትም ከትራክተሩ የብረት አካል፣ ጋር በማገናኘት ነው፤ የድሮው ቁልፍ ከሚሠራው ተቃራኒ ማለት ነው። ሽቦውን እንዲሁ ወስደህ ከድሮው ቁልፍ ጋር እንዳታስረው፤ 12 ቮልት ይገባበትና ኮይሉን ያቃጥለዋል። ለማግኔቶ የተሠራ ቁልፍ ግዛ፤ ከወንበሩ ስትነሳ ሞተሩን የሚያቆመውን ማጥፊያም በዚያው አሠራር አገናኘው። በቁልፍ የማይጠፋ ትራክተር ላይ አትቀመጥ።

ቺንጊያው አጠገብ እጅህን ከማስገባትህ በፊት ደግሞ የካንዴላውን ገመድ ንቀል። ሁለቱንም። ባለ አንድ ሲሊንደር የለመደ ሰው አንዱን ይነቅልና ሁለተኛውን ይረሳዋል። ፑሌጃውን በእጅህ ስታዞር ሞተሩ አንዴ ቢተኩስ፣ ጣትህ ከቺንጊያውና ከፑሌጃው መሀል ለመውጣት ጊዜ አያገኝም።

አሁን ወደ ጉዳዩ። የማርሽ ካምቢዮ አይንሸራተትም። ጥርሶቹ ወይ ይነካከሳሉ፣ ወይ ይዘላሉ፣ ወይ ይሰበራሉ፤ ሲዘሉም ሆነ ሲሰበሩ መዶሻ የመታህ ያህል ትሰማዋለህ። ሞተሩ ሳይጨነቅ ጎማው ቀስ እያለ የሚቆመው የሚንሸራተት ነገር ሲኖር ብቻ ነው። አንተ ትራክተር ላይ ደግሞ ሊንሸራተት የሚችለው ቺንጊያው ነው። የትራክተሩን ስም አልጻፍክልኝም፤ ፔዳሉ ቺንጊያ የሚያላላ ከሆነ ግን እንደነ ዊል ሆርስ ያለ አሠራር መሆን አለበት። የድሮው ኢንተርናሽናል ከብ ካዴት ቢሆን ኖሮ ኃይሉ በዘንግና በፍሪሲዮን ዲስክ ስለሚሄድ ምክሬም ሌላ ይሆን ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሰኝ፤ ይህን ነገር ሳላብራራ ማለፍ አልችልም። ሰው ሁሉ ቺንጊያ የሚይዘው በውስጥ ፊቱ፣ በሆዱ ይመስለዋል። አይደለም። የእኛ ቺንጊያ ጎኖቹ ሰያፍ ናቸው፣ የፑሌጃው ቦይም እንደዚያው። ቺንጊያው ሲወጠር እንደ እንጨት ፈላጭ ሽብልቅ ወደ ቦዩ ይገባና ሁለቱን ግድግዳዎች ወደ ጎን ይገፋል። የቦዩ ማዕዘን ባብዛኛው ከ34 እስከ 38 ዲግሪ ነው። በ36 ዲግሪ ብናሰላው፣ ሰበቃውን ለጊዜው ትተን፣ ቺንጊያውን በ10 ኪሎ ወደ ቦዩ ብትጫነው ግድግዳዎቹ ላይ በድምሩ የሚያርፈው 32 ኪሎ ያህል ነው። ከሦስት እጥፍ በላይ፣ በነፃ! ያቺ ቀጭን ጎማ ትራክተር የምትጎትተው በዚህ ነው። ለዚህ ግን አንድ ሁኔታ አለ፤ የቺንጊያው ሆድ የቦዩን ወለል መንካት የለበትም። ከነካ ሽብልቅነቱ አበቃ። ክብደቱ ሁሉ ወለሉ ላይ ያርፋል፣ ጎኖቹ ምንም አይዙም፣ 32 የነበረው ተመልሶ 10 ይሆናል። ቺንጊያ ሲታጠፍ ደግሞ የውስጥ ጎኑ ስለሚጨመቅ ወደ ጎን ያብጣል፤ ማዕዘኑም ይቀየራል። ለዚህ ነው ጠንቃቃ አምራቾች ትንሹን ፑሌጃ በ34፣ ትልቁን በ38 ዲግሪ የሚቆርጡት። ርካሽ ፑሌጃ የሚያመርቱት ሁሉንም ባንድ ቢላ ይቆርጡና ቀለም ቀብተው ይሸጡልሃል።

ወደ አንተ ስንመጣ፣ የድሮው ቺንጊያህ ቢ የሚባለው መጠን ሳይሆን አይቀርም፤ የላይኛው ወርዱ 17 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የፊቱ ፑሌጃ ቦይ ለእሱ የተቆረጠ ነው። ለጠባቡ የኋላ ፑሌጃ ብለህ የገዛኸው ኤ ነው፤ ወርዱ 13። ይህ 13 ሚሊ ሜትር ቺንጊያ ኋላ ላይ በልኩ ይቀመጣል፤ ፊት ላይ ግን ሰምጦ ወለሉን ይነካል። ስለዚህ ቀለል ባለ ሥራ ይሄዳል፣ ሸክም ሲመጣ ፊት ላይ ይሽከረከራል፣ ይግላል፣ ይሸታል። ሦስት ቀርቶ ሠላሳ ቺንጊያ ብትቀይር ያው ነው።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ትራክተሩን ዳገት ላይ አስቸግረው፣ አጥፋው፣ የካንዴላ ገመዶቹን ንቀል፣ ከዚያ የእጅህን ጀርባ ወደ ሁለቱ ፑሌጃዎች አስጠጋ፤ አትንካ። የፊቱ ከርቀት የሚፋጅ፣ የኋላው ለብ ያለ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግህም። ቺንጊያውን አውጥተህ የፊቱን ቦይ በባትሪ መብራት እየው። ወለሉ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ፣ ግድግዳዎቹ ግን ከግማሽ በላይ ዝገት ወይም የድሮ ቀለም ያለባቸው ከሆኑ የተገናኘው ወለሉ ነው። የቺንጊያው ሆድም ጥቁርና ልሙጥ ሆኖ ታገኘዋለህ።

የዚያ ቦኮላ ነገርም አለ። የድሮው 12 ጉልበት ሞተር ዘንግ ብዙ ጊዜ 28.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ያንተ አዲሱ 25.4 ይመስለኛል። ልዩነቱ በዙሪያው 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ክፍተት ሰዎች በምን እንደሚሞሉት ስንት አይቻለሁ፤ የተጠቀለለ ላሜራ፣ በመጋዝ የተቆረጠ ቧንቧ፣ አንዴም የቆርቆሮ ጣሳ። ላሜራው ቶርኖ ስላልነካው አንድ ጎን ይወፍራል፤ የጎን ማጥበቂያ ብሎኑ ደግሞ ፑሌጃውን ወደ አንድ ወገን ይገፋዋል። ውጤቱ ማዕከሉን የሳተ ፑሌጃ ነው። በደቂቃ 3600 ዙር ማለት በሰከንድ 60 ጊዜ ቺንጊያው ይጠብቃል፣ ይላላል። ያንን መወጠሪያው ሊከተለው አይችልም። ሻንሲው ላይ ጥቁር የጎማ ዱቄት ተበትኖ ካየህ ምንጩ ይኸው ነው።

ስለዚህ የምታደርገው፦ ሁለቱም ፑሌጃዎች ቢ ይሁኑ። የፊቱን አዲስ ግዛ፤ የብረት ይሁን፣ ቀዳዳው ልክ 25.4፣ ፑሌጃውን ከዘንጉ ጋር የምትቆልፈው አራት ማዕዘን ብረት መግቢያው 6.35 ሚሊ ሜትር። የውጭ ስፋቱን ከድሮው አታሳድግ። «ትንሽ ፍጥነት እንዲጨምር» ብለህ ከ75 ወደ 115 ሚሊ ሜትር ብትሄድ ፍጥነትህ ከግማሽ በላይ ይጨምራል፤ ፍሬንህ ግን ያው የድሮው ነው። ለኋላውም የካምቢዮውን ዘንግ ለክተህ የፑሌጃውን ቀዳዳ በልኩ አስቆርጠው ወይም ልኩ የሆነውን ፈልግ። ከሁለት ላሜራ ተጨፍልቆ በነጥብ ብየዳ የተያያዘውን ዓይነት አትግዛ፤ ለነፋስ ማራገቢያ ይሆናል፣ 22 ጉልበት ግን በአንድ ወር ይከፍተዋል። ቺንጊያውም ለፍሪሲዮን ሥራ የተሠራ፣ በጨርቅ የተሸፈነ፣ ክሩ ኬቭላር የሚባለው ጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር የሆነ ይሁን። የማራገቢያ ቺንጊያ መንሸራተትን አይችልም፤ ያንተ ግን ፔዳል በረገጥክ ቁጥር ይንሸራተታል።

ሞተሩ አዲስ ስለሆነ ዘንጉ የድሮው በነበረበት መስመር ላይ አይወድቅም። ቀጥ ያለ ብረት የኋላው ፑሌጃ ፊት ላይ አስጠግተህ ወደ ፊት ዘርጋ፤ ሁለቱ ጠርዞች ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይለያዩ። የፑሌጃዎቹ የጠርዝ ውፍረት ከተለያየ ከቦዮቹ መሀል ለካ። መጀመሪያ ፑሌጃውን ዘንጉ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በማንቀሳቀስ አስተካክል፤ ካልበቃ የሞተሩን መቀመጫ ቀዳዳ አስረዝም። ስትጨርስ ሁለት የጎን ብሎኖች፣ አንዱ በአራት ማዕዘኗ ብረት ላይ፣ ሌላው በ90 ዲግሪ፤ ክር ማጣበቂያ ጠብ አድርግባቸው። መወጠሪያው ደግሞ በላላው ወገን ይሁን፤ ማለትም ቺንጊያው ከሞተሩ ፑሌጃ ወጥቶ ወደ ካምቢዮው በሚሄድበት። ሞተሩን አዙሮ ያስገባ ሰው መወጠሪያው በሚጎተተው ወገን ላይ ይወድቅበትና ለምን እንደሚዘል ሳይገባው ይከርማል።

ፍሪሲዮን ረግጠህ ትራክተሩ የሚሳበው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ያ ተጨማሪ ሞላ። አውጣው። ሞላ የሚንሸራተትን ቺንጊያ አይፈውስም፤ የመወጠሪያውን ኩሽኔታ ይበላል፣ እግርህንም ያደክማል። ሁለተኛውን ማንም አያስበውም፤ የድሮው የቺንጊያ መሸፈኛ ውስጥ ጣት የመሰሉ ብረቶች ነበሩ። አዲሱ ሞተር ላይ አልገጥም ብሎህ ሽፋኑን ጥለኸዋል ብዬ እገምታለሁ። እነዚያ ጣቶች ቺንጊያው ሲላላ ይይዙትና ከሞተሩ ፑሌጃ ያላቅቁታል። እነሱ ከሌሉ ልል ቺንጊያም ቢሆን ፑሌጃውን እየላሰ ካምቢዮውን ያዞረዋል፤ ማርሹ የሚንገጫገጨው ለዚህ ነው። ከ8 ሚሊ ሜትር ዘንግ ሁለት ጣት አጥፍና በሞተሩ ትርፍ የብሎን ቀዳዳዎች ላይ እሰራቸው። ቺንጊያው ሲወጠር ከጀርባው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይራቁ፤ ከዚያ ሽፋኑን በላሜራ ሠርተህ መልሰው። ይህን ስትለካ ገመዶቹ የተነቀሉ ይሁኑ። ሁለቱም፣ እደግመዋለሁ።

22 ጉልበት ለሚለው፤ በ3600 ዙር ሲሰላ የድሮው ሞተር የማዞር ኃይል 24 ኒውተን ሜትር ገደማ ነበር፣ የአዲሱ 44 ይጠጋል። እስካሁን ቺንጊያው እየተንሸራተተ ካምቢዮውን ጠብቆልሃል። አሁን በትክክል ሲይዝ ያ ሁሉ ጥርሶቹ ላይ ይሄዳል። ፔዳሉን በድንገት አትልቀቅ፣ በከባድ ሸክም በከፍተኛ ማርሽ አትነሳ፣ የካምቢዮውን ዘይትም ካልቀየርከው ቀይረው። ፍሬኑን ዳገት ላይ ሳይሆን ሜዳ ላይ ፈትሽ፤ በአንድ ከበሮ የሚሠራ ከሆነ ቀበቶው ዘይት አለመንካቱን እይ።

አዲሱን ቺንጊያ ግማሽ ሰዓት በቀላል ሥራ አሠራውና አጥፋ፣ ገመዶቹን ንቀል፣ ብሎኖቹንና የጣቶቹን ርቀት እንደገና ለካ፤ ቺንጊያ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይረዝማል። ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ዳገት ላይ ከጮኸ፣ የሁለቱን ቦዮች የላይ ወርድና ቺንጊያው ከፑሌጃው ጠርዝ ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ እንደተቀመጠ በካሊፐር ለክተህ ጻፍልኝ።